ከሳሽ ያጣው ወንዝ

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር። አባባሉ ሕግ በዚህች አገር የነበረውን ክብር ለማሳየት ዘወትር ይጠቀሳል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተጣልተው ሦስተኛው «በሕግ አምላክ!» ካላቸው እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ከአላፊ አግዳሚው አንዱ ዳኛ ሆኖ ይሰየማል፤ ክርክሩም በዛፍ ጥላ ሥር ይጀመራል። ይህ አባባል ስለ ውሃ የሚናገረውን ግን ልብ ያልነው ጥቂቶች ነን። በአባባሉ ውስጥ ውሃውን የሚያቆመው ንጉሡ አይደለም፤ ሹሙም አይደለም። የሚያቆመው የሕግን ስም የሚጠራ ተራ ሰው ነው። ጠሪ ከሌለ ውሃው መንገዱን ይቀጥላል።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት የአገራችን የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ታሪክ ከዚሁ አባባል ጋር የተያያዘ ነው። ሕግ አጥተን አናውቅም። አዋጁ፣ ደንቡ፣ ፖሊሲው፣ ስትራቴጂው ሞልቶ ተርፏል። ያጣነው የሕጉን ስም ጠርቶ ችሎት ፊት የሚቆም ከሳሽና ያንን ከሳሽ ተቀብሎ የሚሰማ ዳኛ ነው። ለዚህም ከአቃቂ ወንዝ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ባሕር የማያይ ውሃ

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከእንጦጦና በዙሪያው ካሉ ተራሮች ይነሣሉ። አዲስ አበባን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለመብራት ኃይል ተብሎ በተገደበው የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ በበኩሉ ቆቃን፣ ወንጂን፣ መተሐራንና የአፋርን ሜዳ አልፎ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያልቃል።

ይህ የጂኦግራፊ ትምህርት ብቻ አይደለም። ስለ ዓባይ በተነሣ ቁጥር «ጉልህ ጉዳት አለማድረስ» የሚለውን የዓለም አቀፍ ሕግ ሐረግ የማያውቅ የተማረ ኢትዮጵያዊ የለም። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሲውል ተደስተናል፤ ሕዳሴው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም ደስታችን እጥፍ ሆኗል። የሚገባ ደስታ ነበር። ይሁን እንጂ በዓባይ ላይ የምንከራከረው ከሌሎች ጋር ነው። በአቃቂና በአዋሽ ላይ ግን የሚበክለውም፣ የሚበከለውም፣ ሊዳኝ የሚገባውም እኛው ነን። የአዲስ አበባ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የፋብሪካው ቀለም፣ የቄራው ደም፣ የጋራዡ ዘይት የሚወርደው በኢትዮጵያዊው ገበሬ ማሳ ላይ ነው። ገበሬው በዚያ ውሃ ያለማው ሰላጣና ጎመንም ተመልሶ ወደ ከተማዋ ገበያ ይመጣል። በከተማዋ ዳርቻ በወንዙ ውሃ የሚለማው አትክልት ከባድ ብረታ ብረት እንደሚገኝበት ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። እንግዲህ «ጉልህ ጉዳት» የሚለው ሐረግ ለአባ ሳሙኤል ገበሬ የሚሠራው መቼ ነው?

የሚተክል መንግሥት፣ የሚቆፍር ሕዝብ

መልሱን ለማግኘት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ሃያ ዓመት ሳይሞላት የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ችግር ገጠማት። ዐፄ ምኒልክ ወደ ምዕራብ ዞረው አዲስ ዓለምን ለመናገሻነት ማዘጋጀት ጀምረው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያጸናት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ችግኝ አሳደሉ፤ ለተከለም ሰው የግብር ማበረታቻ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1909 ደግሞ የዱር አራዊት አደንን የሚገድብ ሕግ አወጡ። በዚህ ዘመን የተፈጥሮ ሀብት ጠባቂው ዘውዱ ነው፤ ሕዝቡ ወይ ተካይ ነው ወይ ጥፋተኛ።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሕጉ ዘመናዊ መልክ ያዘ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1225ኛው አንቀጽ ባለሀብቱ በጢስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ ወይም በጩኸት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። በእኔ ግምት ይህ አንቀጽ በዘመናዊ ሕጋችን ውስጥ ስለ አካባቢ ብክለት ለዜጋው የተሰጠ የመጀመሪያው የክስ በር ነበር። ነገር ግን በሩ የተከፈተው ለጎረቤት ነው፤ ወንዝ ደግሞ ጎረቤቱ ብዙ ነው። በዚያ ላይ መሬት የሌለው ጭሰኛ ባለርስቱን ወይም ባለፋብሪካውን ከስሶ መርታቱ የማይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጡት ሦስቱ የደን አዋጆችም ደኑን የመንግሥት፣ የግልና የጥበቃ ደን ብለው ከፋፈሉት እንጂ በደኑ ዙሪያ የሚኖረውን ሰው ባለመብት አላደረጉትም።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው «መሬት ላራሹ»ን ነው። ለደኑ ግን ለውጡ ሌላ ትርጉም ነበረው። ጠባቂው አሁንም መንግሥት ሆነ፤ እንደውም ከቀድሞው የበለጠ ብቸኛ ጠባቂ። ከ1977ቱ ረሀብ በፊትና በኋላ በምግብ ለሥራ የተሠሩት እርከኖችና የተተከሉት ችግኞች በብዛታቸው የሚናቁ አልነበሩም። ይሁንና በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ በብዙ ቦታዎች ገበሬው ራሱ የተከለውን የማኅበር ደን በመጥረቢያ ጨረሰው። ለምን? የተከለው በትእዛዝ ነበርና ነው። ደኑን የእርሱ አድርጎ የሚቆጥርበት፣ ሌላው ሲቆርጥበት «በሕግ አምላክ» የሚልበት መብት አልነበረውም። ዛሬም ስለ ችግኝ ቁጥር ብቻ ስንሰማ ይህን ታሪክ መርሳት የለብንም። በዚህች አገር ዛፍ መትከል ከምኒልክ ጀምሮ ተሳክቶልናል። ያልተሳካልን የዛፉንና የውሃውን ባለመብት መትከል ነው።

በወረቀት ላይ የተከፈተው በር

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከቀደሙት ሁሉ የተለየ ነበር። በ44ኛው አንቀጽ ማንም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው፣ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰውም ተመጣጣኝ ካሣ ወይም ሌላ ማካካሻ ማግኘት እንዳለበት ደነገገ። በ92ኛው አንቀጽ ደግሞ የልማት ሥራ የአካባቢን ደኅንነት እንዳያናጋ፣ ሕዝቡም ሐሳቡን እንዲሰጥበት አዘዘ። በዚያው ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1989 ዓ.ም. የአካባቢ ፖሊሲው ጸደቀ፤ በ1995 ዓ.ም. ሦስት አዋጆች በተከታታይ ወጡ። 295 ተቋማቱን አደራጀ፣ 299 ማንኛውም ትልቅ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተፅዕኖው እንዲገመገም አዘዘ፣ 300 ብክለትን ከለከለ።

ከእነዚህ ሁሉ ለጉዳያችን ትልቁ የአዋጅ ቁጥር 300/1995 11ኛው አንቀጽ ነው። ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በግሉ እንደደረሰበት ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ በማንኛውም ሰው ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። የፍርድ ቤት ሥርዓታችንን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ እርምጃ እንደሆነ ይረዳዋል። «አንተ ምን አገባህ?» የሚለው የዘመናት ጥያቄ በአንድ አንቀጽ ተሰረዘ። ሕጉ «በሕግ አምላክ» የሚለውን ጥንታዊ ጥሪ በነጋሪት ጋዜጣ አተመው ማለት ነው።

ግን በሩ ሁለት ቁልፍ ነበረው። አቤት ባዩ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት አይሄድም። አስቀድሞ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት ያመለክታል፤ 30 ቀን ይጠብቃል፤ መልስ ካጣ ወይም በመልሱ ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ክስ ይመሠርታል። አንደኛውን ቁልፍ የያዘው እንግዲህ አስፈጻሚው አካል ነው። ከተማዋ ራሷ ፍሳሿን ወደ ወንዝ የምትለቅ፣ መንግሥትም የብዙ ፋብሪካዎች ባለቤት ወይም ተባባሪ በሆነበት አገር ይህ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አንባቢ ይፍረድ።

የአቃቂ መዝገብ

በሩን ለማንኳኳት የደፈረው አፓፕ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የባለሙያዎች የሰብአዊ መብት ድርጅት ነበር። ድርጅቱ የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ሲበከሉ ዝም ብሏል በማለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ጉዳዩ የግለሰቦች የድንበር ክርክር አልነበረም። የጠየቀው ማንም ያልወከለው ወንዝ እንዲጠበቅ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1999 ዓ.ም. ክሱን ውድቅ አደረገው። ወንዞቹ ተበክለዋል ወይስ አልተበከሉም፣ የበከላቸውስ ማነው የሚለው ዋናው ጥያቄ በችሎት ሳይመረመር መዝገቡ ተዘጋ።

አንድ ክስ ወድቆ ሕግ አይወድቅም። በሌላው ዓለምም የመጀመሪያው ክስ የሚረታው ከስንት አንዴ ነው። ችግሩ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክስ እንዳይመጣ የተደረገበት መንገድ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከመቶ አሥር በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። ጠበቃ ቀጥሮ፣ ውሃ በላቦራቶሪ አስመርምሮ፣ ዓመታት የሚፈጅ ክርክር የሚሸከም የአገር ውስጥ ገንዘብ ከየት ይመጣል? የ11ኛው አንቀጽ «ማንም ሰው» በሕግ መጽሐፉ ላይ እንዳለ ቀረ፤ በችሎቱ ደጃፍ ግን ጠፋ። ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪተካ ድረስ አሥር ዓመት አለፈ። ለአንድ ወንዝ አሥር ዓመት ብዙ ነው።

በዚያው በ2001 ዓ.ም. ሌሎች ሁለት ነገሮች ተደረጉ። አንደኛ፣ የኢንዱስትሪ ብክለትን የሚከላከለው ደንብ ቁጥር 159 ወጣ፤ ነባር ፋብሪካዎችም ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ የአምስት ዓመት ጊዜ ተሰጣቸው። አምስቱ ዓመት ካበቃ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አቃቂን ለማየት ድልድይ ላይ መቆም ይበቃል። ሁለተኛ፣ የፕሮጀክቶችን የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የመመርመር ሥልጣን በውክልና ለየዘርፉ ሚኒስቴሮች ተላለፈ። ማዕድን እንዲወጣ የሚፈልገው መሥሪያ ቤት ማዕድን ማውጣቱ ጉዳት እንዳለው ራሱ መርማሪ ሆነ ማለት ነው። ለጅብ ሥጋ አደራ መስጠት የሚባለው ይህ አይደለምን? በ2010 ዓ.ም. በጉጂ የለገደምቢ የወርቅ ማውጫ ፈቃድ ሲታደስ ሕዝቡ በጤናችንና በከብቶቻችን ላይ ጉዳት ደርሷል ብሎ አደባባይ ወጣ፤ ፈቃዱም ታገደ። ልብ በሉ፤ ያገደው የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደለም። የተዘጋ መንገድ ነው። ችሎት በሌለበት አገር አቤቱታ የሚሰማው መንገድ ሲዘጋ ነው።

መሥሪያ ቤቱም ቢሆን ሥር የሚሰድበት ፋታ አላገኘም። በ1987 ባለሥልጣን ነበር፤ በ2005 ሚኒስቴር ሆነ፤ በ2008 የአየር ንብረት ለውጥ ስሙ ላይ ተጨመረ፤ በ2011 ወደ ኮሚሽን ወረደ፤ በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ተባለ። በእያንዳንዱ ለውጥ ታርጋው ይቀየራል፣ ማኅተሙ ይቀረጻል፣ ባለሙያው ይበተናል። የአቃቂ ገበሬ ግን አቤቱታውን የትኛው በር ላይ እንደሚያንኳኳ በየጊዜው እንደ አዲስ ይጠይቃል።

የዝምታ ዋጋ

«ደሃ አገር ነን፤ መጀመሪያ እንብላ፣ ከዚያ እናጸዳለን» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ክርክራቸውን አልንቀውም። ፋብሪካ ሲዘጋ እንጀራ የሚጎድልበት ቤት አለ። ግን ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል እንመልከት።

በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አጋማሽ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ከቆሼ ተረክቦ እንዲይዝ የሰንዳፋ ማስወገጃ ተከፈተ። ለአካባቢው ገበሬ የሰንዳፋ ጉዳይ የሽታ፣ የውሃና የካሣ ጉዳይ ነበር፤ ተቃወመ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ማስወገጃው ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ በክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። የመናዱ ምክንያት አንድ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። የምለው ይህን ነው፦ 44ኛው አንቀጽ ለሰንዳፋው ገበሬም ለቆሼው ነዋሪም እኩል መብት ሰጥቶ ነበር። የሁለቱን ጥያቄ በአንድ መዝገብ ይዞ፣ ባለሙያ ጠርቶ፣ ቆሻሻው የት ይድረስ፣ ነዋሪውስ የት ይስፈር ብሎ የመረመረ ችሎት ግን አልነበረም። ሁለት ባለመብቶች ነበሩን፤ አንድም ዳኛ አልነበረንም።

ድህነት ሰበብ አለመሆኑን የሚያሳዩ አገሮችም አሉ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 በካንፑር የጋንጀስን ወንዝ የሚበክሉ ቆዳ ፋብሪካዎች የመጀመሪያ ደረጃ ማጣሪያ እስካልሠሩ ድረስ እንዲዘጉ አዘዘ። ከሳሹ በወንዙ ዳር የሚኖር እንኳ አልነበረም፤ አንድ ጠበቃ ነበር። ሕንድ ያኔ ሀብታም አገር ነበረች የሚል ካለ ይነሣ! ጎረቤታችን ኬንያ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥቷ መሠረት የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት አቋቋመች። በሞምባሳ የኦዊኖ ኡሁሩ ሠፈር ነዋሪዎች በባትሪ ማቅለጫ እርሳስ ተመርዘናል ብለው ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ፈረደላቸው። ውሳኔው በይግባኝ ቢሻርም፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መልሶ አጸናው። ከሁሉም የሚገርመው፣ ከተጠያቂዎቹ አንዱ ተቆጣጣሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ራሱ መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ መዝገቡ የተዘጋበትን ጥያቄ ኬንያውያን ፈርደውበታል።

አሁን ያለው ዕድል

ተስፋ የለም ለማለት አልጻፍኩም። ባለፉት ዓመታት ሕጉ ራሱ ሁለት አዲስ በሮች አበጅቷል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ ይፈቅዳል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ በሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትን በፍርድ ሊወሰኑ የሚችሉ ሰብአዊ መብቶች ለማስከበር ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ሰጥቷል። 44ኛው አንቀጽ ያለው በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ነው። እንደ እኔ አስተያየት፣ የአቃቂን መዝገብ እንደገና የሚከፍት ጠበቃ ቢገኝ ከ1999ኙ የተሻለ መሬት ላይ ይቆማል።

ከተማውም ቢሆን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ የማስዋብ ፕሮጀክት ተጀምሯል፤ በ2017 ዓ.ም. ወንዝ የሚበክልን የሚቀጣ የከተማ ደንብ ወጥቷል፤ በዚያው ዓመት ፓርላማው የፌስታል ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። መልካም ነው። ግን ሁሉም ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። ደንቡ መንገድ ዳር የጣለውን ግለሰብ ይቀጣል፤ ግለሰቡ ከተማውን የሚጠይቅበት ግን አይታየኝም። ዳርቻው ሲዋብ ውሃው ራሱ ካልጠራ፣ አበባ የተተከለበት የፍሳሽ ቦይ ነው የሚኖረን።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐምሌ 21 ቀን 2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሰብአዊ መብት መሆኑን ሲያውጅ 161 አገሮች ደገፉ፤ ማንም አልተቃወመም፤ ስምንት አገሮች ድምፅ ከመስጠት ታቀቡ። ከስምንቱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ያንኑ መብት ከ27 ዓመት በፊት በሕገ መንግሥቷ የጻፈች አገር ለዓለም ሲሆን ዝም አለች። ይህ የዲፕሎማሲ ስሌት ሊኖረው ይችላል፤ ለእኔ ግን የአቃቂን መዝገብ ያስታውሰኛል። ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ስለ አየር ንብረት ለውጥ በሰጠው ምክረ ሐሳብ ይህንኑ መብት መሠረታዊ ነው ብሎታል። እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ 32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኗል።

እንግዶቹ ሲመጡ የሚታየው ዳርቻው ብቻ እንዳይሆን ከአሁኑ ሦስት ነገሮች ቢደረጉ እላለሁ። የወንዞቹ የውሃ ጥራት ምርመራ ውጤት በየወሩ ለሕዝብ ይውጣ፤ ማስረጃ የሌለው ከሳሽ ባዶ እጁን ነውና። ፈቃድ የሚሰጠውና ተፅዕኖውን የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ይለያዩ። በከፍተኛ ፍርድ ቤት የአካባቢ ጉዳይን የሚያይ ባለሙያ ያለበት ችሎት ይሰየም፤ የአቃቂ ገበሬም ያለ ዳኝነት ክፍያ ይግባበት። ሦስቱም ከአዲስ መናፈሻ ያነሰ ወጪ የሚጠይቁ ናቸው። ሦስቱም ግን መንግሥት ተጠያቂ ሆኖ ችሎት ፊት ለመቆም መፍቀዱን ይጠይቃሉ፤ ከምኒልክ እስከ ዛሬ ያልተሻገርነው ወንዝም ይህ ነው።

ቸር ያሰማን።